ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው

መስከረም 12 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ወገብዎ ቀጥ ብሎ፣ ዓይንዎ ክር በመርፌ የሚያሰካ ሆኖ እንዲያገኝዎ ፈጣሪን እየለመንኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ጋሼ፣ ደብዳቤውን የሚያመጣልዎት ሰው ካርቶንም ይዟል። ውስጡ ላፕቶፕ አለ። አዲስ አይደለም፤ የስፌት ድርጅታችን ሒሳብ ሹም ለራሳቸው አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ለኔ ሰጡኝ። አብሮት የጆሮ ማዳመጫ አድርጌያለሁ፤ ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍን፣ ከአፍ ፊት ለፊት ማይክ ያለው።

ምን ያደርግልኛል እንደሚሉ አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አሥራ ሁለት ማሽን አለን፤ ሁሉም በዕድሜ እኔን ይበልጡኛል። ሰባተኛዋ የኔ ናት። ከሰኔ ጀምሮ ስትሰፋ ስትሰፋ ጠቅ የሚል ነገር ይዟታል፤ ጠቅ ባለች ቁጥር ስፌቱ ይዛባብኛል። መካኒኮቹ ሦስት ጊዜ ሆዷን ከፍተው ሦስት ጊዜ ዘግተዋል። አለቃዬ «ጥር እስኪያልቅ ካልዳነች ለብረት ገዢ ትሄዳለች» ብላለች። እኔም አላስችል ብሎኝ «ማሽን በጆሮው የሚያክም አጎት አለኝ፤ ሰፈር ሙሉ ጋሽ ጆሮ ነው የሚለው» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሳቁብኝ። እንግዲህ እነሱን ዝም የሚያሰኙልኝ እርስዎ ነዎት።

ኢንተርኔቱን ፊት ለፊትዎ ካለው ራዲዮ ጠጋኝ ይካፈሉ፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ካርቶኑ በደረሰ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ ላፕቶፑ ላይ እደውላለሁ። ማሽኗን አዞርልዎታለሁ፤ እርስዎ ይሰማሉ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። ስልክ ለምንድን ነው የማያነሱት? በነሐሴ ብቻ አራት ጊዜ ደውያለሁ።

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ልጅ

ጥቅምት 6 ቀን

መርፌ ለምልሽ ለወንድሜ ልጅ፣

አንቺን በሰው አገር በሰላም ያዋለ ያሳደረ አምላክ ይመስገን። ክርሽ አይበጠስ፣ ጨርቅሽ አይተርተር፣ የጣትሽን አጥንት መርፌ አያግኘው። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ራዲዮ ጠጋኙ «ፊደልህ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ እኔ ልጻፍልህ» ቢለኝ አባረርኩት። ፊደል ያስቆጠረችኝ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና «ቃልህን ለሌላ ሰው እጅ አትስጥ» ትለኝ ነበር። ይንገዳገድ፤ የራሴ ነው።

ቅዳሜ እንዳየሽው ዕቃው አይረባም። ማዳመጫው ሁለት ጭራ አለው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ። ላፕቶፑ ደግሞ ቀዳዳው አንድ ብቻ። ሁለቱን ዕቃ የሠሩ ሰዎች በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም ማለት ነው። አረንጓዴውን ሰካሁ። የሰማሁት መጥበሻ ላይ የሚንጨረጨር ዘይት ነው። ከዘይቱ ጀርባ አንቺ ነሽ፤ ግድግዳ ተጋርዶብሽ የምታወሪ ትመስያለሽ። ማሽኗን አዞርሽልኝ፣ ዝናብ የመጣ መሰለኝ። ሌላም ነገር ነበር፤ እሱ ይቅር።

ስለ ስልኩ ለጠየቅሽኝ፣ ስልክ የችኩል ሰው ዕቃ ነው። በስልክ የተናገርሽውን ማታ ላይ ፈልጌ አላገኘውም። ወረቀት ግን ትራስ ሥር ይቀመጣል።

ሰባተኛዋን ልትረጂ ከፈለግሽ ድምፁን በፊደል ጻፊልኝ። ያው ድምፅ ነው፤ ፊደልም ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ለጊዜው ሥራ አልቀበልም፤ ወገቤን ትንሽ ይዞኛል። ሌላ ዕቃ እንዳትልኪ። ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው።

አጎትሽ

ጥቅምት 27 ቀን

ለአጎቴ፣

ወገብዎን የያዘው ነገር ይልቀቅዎ፤ ደጃፍዎ ሰው አይጣ። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

እንዳሉኝ ድምፁን ልጽፍ ተቀመጥኩ። ትርርርርር ጠቅ ትርርርርርር ጠቅ። ይኸው ነው። ከጎኔ ያለችው ቁልፍ ሰፊ ወረቀቱን አየችና «ጠቅ አይደለም፣ ቀጭ ነው የምትለው» አለች። ከኋላችን ያለችው ኪስ ሰፊ ደግሞ «ሁለታችሁም ደንቆሮ ናችሁ፤ ቷ ነው» አለች። ክርክሩ እስከ ሻይ ሰዓት ዘለቀ፤ በመጨረሻ አለቃችን መጥታ ሦስታችንንም በየቦታችን መለሰችን። ስለዚህ ጋሼ፣ ጠቅ ወይም ቀጭ ወይም ቷ ነው። ከዚህ በላይ ፊደል አላገኘሁም።

ያን ቅዳሜ ስናወራ ስለ ማሽኗ ዘይት ጠይቄዎት ነበር። እርስዎ «አዎ፣ ዘንድሮ ቶሎ ነው ያባራው» አሉኝ። ደግሜ ስጠይቅዎ «እነሱም ደህና ናቸው» አሉኝ። ምንም አይደለም፤ መስመሩ ነው። አባዬም መጨረሻ አካባቢ... እሱን ሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ።

እንዲያው ለወሬ ያህል፣ አብራኝ የምትሠራ ልጅ እናቷን ጤና ጣቢያ ወስዳ ጆሯቸውን አሳጥባ፣ ሴትየዋ ዛሬ የጉንዳን ኮቴ ይሰማሉ አሉ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሒሳብ ሹሙን ጠየቅኳቸው። ልክ እርስዎ እንዳሉት፣ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው አሉኝ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሁለቱን ጭራ ወደ አንድ የሚያጣምር አጭር ገመድ ገዝቶ በላፕቶፑ በራሱ ድምፅ መሥራት ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ያው ዘይቱ እዚያው ይኖራል። ሁለተኛው ዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ይባላል፤ አውራ ጣት የምታህል ናት። በላፕቶፑ ጎን፣ ፍላሽ በሚሰካበት ቦታ ትሰካለች፤ የድምፁን ሥራ ከላፕቶፑ ተቀብላ ራሷ ትሠራዋለች። ሁለት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ለአረንጓዴው፣ አንዱ ለሮዙ።

የትኛው ይሻላል? እርስዎ ያሉኝን እልካለሁ።

አክባሪዎ

ኅዳር 25 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የሰው እናት ጆሮ ታጠበ አልታጠበ ለኔ ምኔ ነው? ጆሮዬን የሚያጥብ ከፈለግሁ ውሃም ሳሙናም ቤቴ አለ። ለወሬ ያህል ብለሽ የጻፍሽው ወሬ እንዳልሆነ አይጠፋኝም፤ እኔ ስንት ዓመት ከልብስ ሰፊዎች ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከገበሩ ሥር ያለውን ስፌት አውቃለሁ። የአባትሽንም ነገር ጀምረሽ ተውሽው። ተይው። እኔም አልጨርሰውም።

ስለ ካርዱ ግን በአንድ ሰው ምክር አልወስንም ብዬ ተሻግሬ ራዲዮ ጠጋኙ ጋ ሄድኩ። የሰው ራዲዮ ሆድ ከፍቶ ተቀምጧል።

«ለመሆኑ ላፕቶፕ የሚባለው የራሱ ድምፅ አለው የለውም?» አልኩት።

«አለው እንጂ። ዛሬ ደግሞ ምን ገዛህ ጋሽ ጆሮ?»

«አልገዛሁም። የራሱ ካለው ሌላ ካርድ ምን ያደርግለታል? የራሱ አፍ ያለው ሰው ከጎረቤት አፍ ይበደራል?»

«ስማኝማ» አለ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጦ። «የላፕቶፑ ድምፅ የሚሠራው ሆዱ ውስጥ ነው። እዚያው ማራገቢያው ይዞራል፣ እዚያው ኤሌክትሪኩ ይርመሰመሳል። ወፍጮ ቤት ተቀምጦ ሹክሹክታ ማድመጥ ማለት ነው። ካርዷ ደግሞ ከወፍጮ ቤቱ ወጥታ ደጅ የተቀመጠች ናት።»

«ስለዚህ የራሱ አይረባም በለኛ።»

«አላልኩም! ለወሬ፣ ለእንዴት ነሽ ደህና ነኝ፣ የራሱ ይተርፋል። ብዙ ሰው በዚያ ነው የሚኖረው። አንተ ግን የማሽን በሽታ ልስማበት ካልክ ካርዷ ትሻልሃለች። ደግሞ ያረጀ ላፕቶፕ ነው፤ ቀዳዳው ስንት ዓመት ሲሰካበት ሲነቀልበት ኖሯል። ለመሆኑ በሁለቱም በኩል እኩል ይሰማሃል?»

እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። በሁለቱም በኩል እኩል ይሰማሃል ወይ! ሰው ፊት! አንዲት ሴት ራዲዮዋን ልትወስድ ቆማ እየሰማች። ይህ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ስለ ዕቃው ነው የሚጠይቀኝ ወይስ ስለኔ? ኮፍያዬን አነሳሁና ወጣሁ። «ኧረ ምን አልኩህ!» እያለ ከኋላዬ ጮኸ፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ይኸው ሦስት ሳምንታችን፤ በር ለበር እየተያየን አንነጋገርም።

ካርድ አልፈልግም። ገመድም አልፈልግም። ላፕቶፑን ጨርቅ አልብሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የሚመጣ ሰው ካለ ልመልስልሽ።

ሰባተኛዋንም ለብረት ገዢው ስጧት። አርጅታለች። ያረጀ ነገር አንዴ መጮህ ከጀመረ ዝም አይልም።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 8 ቀን

ለአጎቴ፣

ከራስ ጠጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ ሰላም ይክበብዎ።

ደብዳቤዎን ከሥራ ስወጣ በመንገድ ላይ አነበብኩት፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆሜ ቀረሁ፤ ሰው ገፍቶኝ አለፈ። ሰባተኛዋን ለብረት ገዢው ስጧት ይላል። ጋሼ፣ እርስዎ ማሽን ጣሉ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ጎርፍ የወሰደውን ማሽን ከጭቃ አውጥተው ያስነሱ ሰው ነዎት። ያንን የጻፉት ስለ ማሽን አልመሰለኝም።

አልከራከርዎትም። ካርዷን ገዝቻለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ትደርስዎታለች። አረንጓዴውን በአረንጓዴ፣ ሮዙን በሮዝ ይሰኩ፤ ሌላ ምንም አይንኩ። ታኅሣሥ 22 ቅዳሜ ነው። በዘጠኝ ሰዓት ሰባተኛዋ ፊት እቀመጣለሁ። ማንም አይኖርም፤ እኔና እሷ ብቻ።

አይሆንም ካሉም ደግሜ አልጠይቅዎትም። ደብዳቤ ግን አይቁረጡብኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 29 ቀን

ለልጄ ለመርፌ፣

ከዘመድ ሁሉ መርጦ አንቺን ለኔ ያስቀረልኝ አምላክ ስሙ ይመስገን። የምታስቢውን ይስጥሽ፤ የምትሸሽጊውንም ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ቃል ዛሬ ከልቤ ነው የጻፍኳት።

ቅዳሜ የተባባልነውን ታውቂዋለሽ። ያላልኩሽን ልጽፍልሽ ነው። ገና ሲጀመር ዝም ስል «ጋሼ! ጋሼ! ተቋረጠ እንዴ?» እያልሽ ጮኸሽ። አልተቋረጠም ነበር። ሁሉንም እሰማሽ ነበር።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። በሰኔ ወር አንዲት ልብስ ሰፊ መጥታ የማሽኗን ነገር ነገረችኝ። «እ?» አልኳት። ደገመችልኝ። «እ?» አልኳት። በሦስተኛው ሳቀችና ቀስ እያለች፣ ለሕፃን እንደሚነገር አድርጋ ነገረችኝ። እሷ ሄዳ እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ። አባትሽ ጆሮው ሲሄድ ስንት ዓመቱ ነበር? ቆጠርኩት። የኔ ዕድሜ ነው። በሰው መሐል ተቀምጦ ሰው ሲስቅ እሱ ዘግይቶ የሚስቀው ትዝ አለኝ። ፊታችንን እያየ ነበር የሚስቀው፤ ቀልዱን ሰምቶ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ መቀበል ተውኩ። ወገቤ ደህና ነው፤ ወገቤን ዋሽቼበታለሁ። ስልክም የማላነሳው ለዚሁ ነው። ስልኩ ሲጮህ አየዋለሁ እንጂ አላነሳውም፤ «እ?» ማለትን ፈርቼ።

በዚህ ላይ ካርቶንሽ መጣ። ማዳመጫውን አደረግኩት። በቀኜ ያ ዘይት ይንጨረጨራል። በግራዬ ምንም የለም። ዝቅ ያለ ድምፅ አይደለም የምልሽ፤ ምንም። ክዳኑ የተከደነ ጉድጓድ። «በቃ፣ ግራው ሄዷል» አልኩ። ለሰው የምናገረው ግን ሌላ ነው፤ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው አልኩ። ለአንቺም ጻፍኩ። እያወቅኩ የዋሸሁት ውሸት ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝን ስሚ። አርባ ዓመት ማሽን ሳክም መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው? አንቺም አባትሽ ቤት ሆነሽ አይተሽኛል። የጠረጠርኩትን ዕቃ አውጥቼ በደህናው እለውጠዋለሁ። በሽታው ከዕቃው ጋር ከሄደ ዕቃው ነው፤ ከቀረ ማሽኑ ነው። ማዳመጫውን ገልብጬ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ባደርገው ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ጫማውን ያጠለቀ ልጅ እንኳ ግራና ቀኙን ለውጦ ይሞክራል። ሦስት ወር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ እያየኝ አልገለበጥኩትም። ብገለብጠው አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ሳላውቀው ግን አሁንም ጋሽ ጆሮ ነኝ። ራዲዮ ጠጋኙም በሁለቱም በኩል ይሰማሃል ወይ ሲለኝ የሮጥኩት ለዚሁ ነው።

ካርድሽ ስትመጣ ጨርሶ ላልሰካት ምዬ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንስቼ አየኋት፣ አስቀመጥኳት። ስምንት ሰዓት ሆነ። እንደገና አነሳኋት። «ደግሜ አልጠይቅዎትም» ያልሽው ቃል እንደ እሾህ ይወጋኝ ነበር። ሰካኋት። አረንጓዴውን በአረንጓዴ፣ ሮዙን በሮዝ። ትንሽ ቀይ መብራት አበራች። ማዳመጫውን አደረግኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት አንቺን አይደለም። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። ወደ ግራ ዞርኩ፤ ቤቴ ሰው የገባ መስሎኝ። ማንም የለም። ግድግዳው ላይ ካፖርቴ ተሰቅሏል፤ እሱ ብቻ። ለካ ወንበሩን የጎተትሽው አንቺ ነሽ፣ ባሕር ማዶ ሆነሽ፣ በግራ ጆሮዬ። ከዚያ ጉሮሮሽን ጠረግሽ። እሱንም ሰማሁ። ከዚያ «ጋሼ፣ ይሰማዎታል?» አልሽ፤ ያኔ ነው ዝም ያልኩት። ቢጫነኝም አላለቀስኩም፤ ያለቀስኩ እንዳይመስልሽ። ሰው የተሸከመውን ሲያወርድ ትንሽ ቆሞ ይተነፍሳል አይደል? እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ማሽኗን አዞርሽልኝ፤ ዘይት የለ፣ ዝናብ የለ፤ ጥርት ብላ ወጣች። አራት ጊዜ ትወጋለች፣ ጠቅ። አራት ጊዜ ትወጋለች፣ ጠቅ። ሦስታችሁም ጠቅ ነው ቀጭ ነው ስትሉ መሐሉን አልቆጠራችሁም። በሽታው መርፌዋ ጋ ቢሆን በወጋች ቁጥር ይጮሃል። የታችኛው ክር ጋ ቢሆንም እንደዚያው። መርፌዋ አራት ስትወጋ እሱ አንዴ የሚዞር ነገር ማሽኗ ሆድ ውስጥ የለም። ደጅ ነው ያለው፤ መዘውሯን የሚያዞረው የቆዳ ቀበቶ፣ ችንጋው። ለዚህ ነው «ሆዷን ተዉት፤ ችንጋዋ መቼ ተለወጠ?» ያልኩሽ፤ አንቺም «ሰኔ» ስትዪኝ ከወንበሬ ተነስቼ የቆምኩት።

ችንጋውን አይታችሁ ምን አገኛችሁ? ቶሎ ጻፊልኝ። ሰባተኛዋንም ለብረት ገዢ ስጧት ያልኩት ይቅር ይበለኝ።

አጎትሽ

ጥር 15 ቀን

ለውድ አጎቴ፣

ፈጣሪ ጆሮዎን እስከ መቶ ዓመት ያቆይልኝ። ዛሬ ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

ሰባተኛዋ ድናለች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሰኞ ሥራ ገብቼ እጄን በችንጋው ሥር ሰደድኩ። የቆዳውን ሁለት ጫፍ የሚያያይዘው ሽቦ አንዱ እግሩ ወጥቷል፤ ጣቴን ቧጠጠኝ። በዞረ ቁጥር ሽፋኑን እየነካ፣ ማሽኗንም እየገታ ነው ለካ ጠቅ የሚለው። መካኒኩ በፒንሳ አጥፎ ጠፍጥፎ መታው፤ አዞርናት፤ ጸጥ። ቁልፍ ሰፊዋ «ውይ፣ ለምጄው ነበር» አለች። አለቃዬ «እንዴት አወቀ?» ብላ ስትጠይቅ «ቆጥሮ» አልኳት። «ከየት ሆኖ?» «ከቤቱ»። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀብኝም። ሦስተኛዋ ማሽን ሰሞኑን ታቃስታለች፤ አለቃዬ ራሷ «አጎትሽን ጠይቂልኝ» ብላኛለች።

ጋሼ፣ የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ የኔን መደበቅ ነውር ሆነብኝ። እኔም ዋሽቻለሁ።

ሒሳብ ሹሙ ምንም አላሉኝም። አልጠየቅኳቸውም። እርስዎ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው ብለው ሲጽፉልኝ አንድም ቀን አላመንኩዎትም። የማሽኗን ዘይት ስጠይቅዎ ስለ ዝናብ ሲመልሱልኝ አባዬን ነው ያየሁት። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከኋላው ቆሜ «አባዬ» ብዬ በቀስታ ጠራሁት። አልዞረም። ትንሽ ከፍ አድርጌ ጠራሁት። አልዞረም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩ እኔ ያደነቆርኩት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ፊቱ ቆሜ ነው የማወራው፤ ሰው ሥርዓት ያላት ልጅ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ካርዷን የገዛሁት ይሰሙበታል ብዬ አይደለም። እሷም አልሠራ ስትል «ይህም ዕቃ አይረባም» እንዲሉ ነው። የሚያማርሩበት ዕቃ እንዳያጡ። ገመድ እልክልዎት ነበር፣ ከገመድ ቀጥሎ ሌላ ማዳመጫ፣ ከዚያ ሌላ። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ስቀመጥ እንኳ በልቤ የሚቀጥለውን ዕቃ እየመረጥኩ ነበር። «አራት ጊዜ ትወጋለች» ሲሉኝ አላስቻለኝም፤ ጥሪው እንዳለቀ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከእርስዎ ይልቅ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ይቅር ይበሉኝ። ይቆጡኝም። ብቻ መልስዎን አያዘግዩ።

ልጅዎ

የካቲት 4 ቀን

ለልጄ፣

እጅሽ አይዛል፤ እኔን ብለሽ የዋሸሽውንም ውሸት ጽድቅ አድርጎ ይቁጠርልሽ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነብ ተናደድኩ። «ይቺ ልጅ እንደ ሕፃን ታባብለኛለች?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። እጄ ነው የታመመው። ሁለተኛ ሳነበው ሳቅ መጣብኝ፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ደህና አድርጌ ሳቅኩ። እኔ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው ብዬ ዋሸሁ፤ አንቺ አዎ የላፕቶፑ ነው ብለሽ ዋሸሽ፤ ጥፋቱም ለካ የላፕቶፑ ነበር! ሁለት ውሸታም ተባብሮ እውነት ሲናገር አይተሽ ታውቂያለሽ?

እርግጡን ለማወቅ ላፕቶፑን ተሸክሜ ራዲዮ ጠጋኙ ጋ ተሻገርኩ። እኔ ሰላም አላልኩትም፤ እሱም አላለኝም፤ አስቀመጥኩለት። ከፍቶ ቀዳዳውን አየ። የግራውን ድምፅ የምትነካው ትንሽ የናስ ምላስ አልቃ ወደ ኋላ ተኝታለች። «ግራው እዚህ ጋ ነው የሞተው» አለኝ፤ «ሌላውም ቢሆን በግድ ነው የሚይዘው፤ የሚንጨረጨረው ለዚያ ነው። በሁለቱም በኩል ይሰማሃል ወይ ስልህ ይህንን ልጠይቅህ ነበር። አንተ ግን ኮፍያህን ይዘህ ፈረጠጥክ።» «ሻይ አለህ?» አልኩት። አፈላ። ቀዳዳውን ልጠግንልህ ሲለኝ ተው አልኩት። ካርዷን ለምጃታለሁ።

ደግሞ ሳይነግሩኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዎ፣ እኔ። ሐኪሟ ጠባብ ክፍል አስገብታ ማዳመጫ አደረገችልኝ፤ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ አለችኝ። በመጀመሪያ ያደረግኩት ምን መሰለሽ? ማዳመጫውን ገልብጬ አደረግኩት። «ተገልብጧል አባቴ» አለች። «አውቃለሁ፤ ቀጥዪ» አልኳት። በሁለቱም ፈተነችኝ። በጣም ቀጭኑ ፉጨት አልፎኛል፤ ሌላው ሁሉ በቦታው አለ፤ ግራውም ቀኙም። «ለዕድሜዎ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ። «ለዕድሜዎ» ያለቻትን አልወደድኳትም፤ ግን ተቀበልኳት። በየዓመቱ ይምጡ ብላኛለች፤ እሄዳለሁ።

ያቺ የሰኔዋ ልብስ ሰፊም ትናንት መንገድ ላይ አገኘችኝና ቆመን ተጫወትን። አሁንም አልሰማኋትም። አፏን አየሁት፤ በከንፈሯ ዙሪያውን ስፒል ነክሳለች። «አውጪውና አውሪኝ» አልኳት። አወጣችው። እያንዳንዷን ቃል ሰማሁ። ይህችን ሴት ብዬ ስምንት ወር ቤት ተዘግቼ ተቀመጥኩ።

ስለ አባትሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም አውቅ ነበር። እሱም እንደማውቅ ያውቅ ነበር። ወንድማማች ሆነን አንዴ እንኳ አላወራንበትም፤ እኔ ክብሩን የጠበቅኩለት መስሎኝ፣ እሱም የኔን ሐዘን ያራቀልኝ መስሎት። የስምንት ዓመት ልጅ ዝም ብትል አይፈረድባትም፤ እኛ ነን የሚፈረድብን። ስለዚህ አንድ ቀን ጆሮዬ በእውነት ሲሄድ፣ መሄዱ አይቀርም፣ መጀመሪያ የምነግረው ለአንቺ ነው። አንቺም ለወሬ ያህል አትዪኝ፤ በቀጥታ ጻፊልኝ።

ሦስተኛዋን ቅዳሜ አሰሚኝ። ሁለት ደቂቃ ያለ ጨርቅ፣ ሁለት ደቂቃ ከጨርቅ ጋር አዙሪያት። ኪስ ሰፊዋንም ዝም በይ በያት።

ሌላም ብዙ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን አንዲት ሴትዮ ማሽኗን በአንሶላ ቋጥራ አምጥታ ደጃፌ ላይ አውርዳለች። «ጋሼ፣ ከሰሞኑ ትንሽ ይጮሃል፤ እንዲህ አድርጎ፣ እንዲያ አድርጎ» እያለች ቆማ ታስረዳኛለች።

«ዝም በይና አዙሪው» አልኳት።

አጎትሽ